ጀልባህን ራስህ ጠግነው፣ ግን መጀመሪያ አድርቀው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ያገለገለ የፋይበር ግላስ ጀልባ ገዝተህ፣ ዘጌ ዳር ስታስጠጋው ድንጋይ መታውና ከፊቱ ሥር ተሰነጠቀ። “ጋራዥ ልውሰደው ወይስ ራሴ ልሞክር?” ነው ያልከው። ራስህ ሥራው። የእኔም የተመታው እዚያው ጣና ላይ፣ ያው ከፊት ሥር ነበር።

1. የመኪና ስቱኮ እንዳታስነካው። ይህን ስጽፍ አሁንም ያናድደኛል። መጀመሪያ የወሰድኩት የመኪና ቦዲ የሚሠራ ጋራዥ ነበር። ባለቤቱ ስንጥቁን አየት አደረገና “የግማሽ ቀን ሥራ ነው” አለኝ። “ውሃ ጠጥቷል፣ ይድረቅ እንጂ” ስለው “ባለሙያው አንተ ነህ እኔ?” ብሎ ሠራተኞቹ ፊት ጮኸብኝ። ስቱኮ ሞላበት፣ ቀለም ቀባው፣ ሲታይ ያምራል። ጣና ላይ ወጥቼ ማዕበል ሲመታው ስቱኮው እንደ ዳቦ ቅርፊት ተነሳ። ሥሩ እርጥብ ነበር። ተመልሼ ብሄድ “ድንጋይ መትተህበት ነው” ብሎ አሰናበተኝ። ብሬንም አልመለሰም። ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል፣ ጉልበትም የለውም። ጀልባውን የሚይዘው በሬዚን፣ ማለትም ደርቆ በሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ፣ የራሰው የመስታወት ክር ነው።

2. አድርቀው። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይቺን አትርሳ። ገልብጠህ ጎማ ላይ አስቀምጠው። በሳንቲም ዙሪያውን ቆርቁረው፤ ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተላቀቀው ደነዝ ይላል። ደነዝ ያለውን ሁሉ በግራይንደር አንሳ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ፈሳሽ ካወጣ ውሃው ውስጥ ድረስ ገብቷል ማለት ነው። በንጹሕ ውሃ እጠበውና ነፋስ የሚያገኝበት ተወው። መድረቁን የምታውቀው እንዲህ ነው፦ በተፈገፈገው ቦታ ላይ ቀጭን ላስቲክ ዘርጋና ዙሪያውን በፕላስተር አሽገህ ፀሐይ ላይ አውለው። ላስቲኩ ውስጡ ላይ ጤዛ ከያዘ ገና ነው። ሰው “ደርቋል፣ ምን ትጠብቃለህ?” ሲለኝ እኔ ላስቲኩን ነበር የማየው። ለዚህ ነው ክረምት ላይ አትጀምር የምልህ። ከጥቅምት በኋላ ያለው ጊዜ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው።

3. ስንጥቁን ብቻ አትሙላ፣ ዙሪያውን ተዳፋት አድርገው። የጀልባው ውፍረት 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ በየአቅጣጫው 6 ሴንቲ ሜትር ያህል እየሳሳ እንዲሄድ ፈግፍግ። ብዙ ይመስላል፤ አዲሱ ከአሮጌው ጋር የሚያያዘው ግን በዚህ ስፋት ነው። ከመፈግፈግህ በፊት በአሴቶን ጥረገው፤ አለዚያ ጀልባው ላይ ያለውን ሰም ወደ ውስጥ ታሸዋለህ። ጭምብልና መነጽር አድርግ፣ እጅጌህንም ዝጋ። ብናኙ ቆዳ ላይ ከገባ ሌሊቱን ሙሉ ያሳክካል።

በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝነው ማት (የመስታወት ክሩ ምንጣፍ) ሬዚን ጠጥቶ ሲደርቅ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ስለዚህ አምስት ድርብ ያስፈልግሃል፤ ትልቁን መጀመሪያ፣ ከዚያ እያነሰ። አምስቱን ባንዴ አትደርብ፣ ይግላል። ሁለት ሦስት አድርገህ ቀዝቀዝ ሲል ቀጥል። አየሩን በሮለር አስወጣ፤ ነጭ ሆኖ የቀረ ቦታ ሬዚን አልጠጣም።

ፖሊስተር ሬዚን ከሆነ ሃርድነሩ (ማጠንከሪያው) ለአንድ ኪሎ ሬዚን ከ10 እስከ 20 ግራም ነው። እኔ የገዛሁበት ሱቅ ሻጭ “በዓይንህ ገምት” ነበር ያለኝ! በፍጹም እንዳትገምት። በትንሽ ኩባያ ሞክረህ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይልህ እይ። የባሕር ዳር ጠዋት በኅዳርና ታኅሣሥ ይቀዘቅዛልና ረፋዱ ላይ ጀምር። ሃርድነሩ ዓይንህ ከገባ ወዲያው በብዙ ውሃ እጠብ፣ ከዚያ ሐኪም ጋ ሂድ። ኮባልት ከሚሉት ማፍጠኛ ጋር ደግሞ በቀጥታ እንዳትቀላቅለው፤ ይፈነዳል።

እንዲህ አድርጌ ራሴ የጠገንኩት የእኔው ጀልባ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ላይ ቆይቶ ጠብታ አላስገባም። ጥገናው የት እንደሆነ በእጄ ዳስሼ እንኳ አላገኘውም። አሁን ሌሎች ባለ ጀልባዎች “ና እይልን” ይሉኛል፤ ደስ እያለኝ እሄዳለሁ።

የላክኸው ፎቶ የውጭውን ብቻ ነው። ወለሉን አንስተህ የውስጡንም ፎቶ አንሳልኝ። ስንጥቁ ከእንጨት አጥንቱ ጋር ከተገናኘና እንጨቱ ከበሰበሰ መጀመሪያ እሱ መውጣት አለበት። እስከዚያ ሬዚን አትግዛ፤ ተቀምጦ ጊዜው ያልፍበታል።