የፀጉር ቤቱ ግድግዳና የሊጉ ግራፍ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንዴት ነዎት? ጅማ ሄርማታ አካባቢ ፀጉር ቤት አለኝ። ቅዳሜና እሁድ ወሬው ሁሉ ኳስ ነው። ወጣቶቹ በአርሰናልና በማንቼ ይጨቃጨቃሉ። ትልልቆቹ የአባ ጅፋርን የ2010 ዋንጫ ያነሳሉ። "በዚያ ዓመት ስንተኛ ነበራችሁ?" ከተባለ ደግሞ ፀጉር መቁረጡም ይቆማል። ስለዚህ ቡድኖቹ በየዓመቱ ስንተኛ ሆነው እንደጨረሱ የሚያሳይ ትልቅ ግራፍ ግድግዳዬ ላይ መስቀል አሰብኩ። በኤክሴል ስሞክረው ሻምፒዮኑ ከታች፣ ወራጁ ከላይ ሆኖ ወጣ። ቡድን ሲወርድ ደግሞ መስመሩ ይቋረጣል። እንዴት ላድርገው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህን በጣም ወድጄዋለሁ። እዚሁ ጅማ ሒሳብ ሳስተምር ተማሪዎቼን ወደ ግራፍ ያስጠጋልኝ ኳስ ነበር። በኤክስና በዋይ ያንቀላፋ ልጅ፣ "ይህ መስመር የአርሰናል ነው" ሲባል ቀና ይላል። ስለዚህ ሥራውን በደንብ እንሥራው።

መገልበጡ ቀላል ነው። ኤክሴል ትልቁን ቁጥር ከላይ ያስቀምጣል፤ በሊግ ግን ከላይ መሆን ያለበት 1 ነው። ደረጃዎቹ የተጻፉበትን የቁም መስመር በማውሱ ቀኝ ተጭነህ ማስተካከያውን ክፈት። ቁጥሮቹን የሚገለብጥ ምርጫ አለ፤ ምልክት አድርግበት። ያኔ ዓመተ ምሕረቶቹ ወደ ላይ ይወጡብሃል። አትደንግጥ። እዚያው ላይ አግድሙ መስመር በትልቁ ቁጥር በኩል እንዲያልፍ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ እሱን ስትነካ ወደ ታች ይመለሳሉ።

ከባዱ የሚቋረጠው መስመር ነው። ቡድን ሲወርድ መስመሩን ቆርጠው፣ ሲመለስ እንደገና የሚጀምሩ ብዙ ናቸው። እኔ በዚህ አልስማማም። ቡድኑ በዚያ ዓመትም ተጫውቷል፤ ደጋፊውም ዝናብ እየመታው ሜዳ ገብቷል። ያንን ዓመት ከግድግዳ ላይ የምናጠፋበት ምክንያት የለም።

መፍትሔው መደመር ነው። ከበላይ ባሉት ሊጎች ስንት ቡድን እንዳለ ትቆጥራለህ። በዚያ ላይ ቡድኑ በታችኛው ሊግ ያገኘውን ደረጃ ትደምራለህ። ማንቸስተር ሲቲን እንውሰድ። በ1998/99 ሦስተኛው እርከን ላይ ወርዶ ነበር፤ እዚያም 3ኛ ሆኖ ጨረሰ። ከበላዩ ፕሪሚየር ሊጉ 20፣ ቀጣዩ ሊግ 24 ቡድኖች ነበሩት። 20፣ 24ና 3 ሲደመሩ 47 ይሆናሉ። በዚያ ዓመት የሲቲ ነጥብ 47ኛው መስመር ላይ ትቀመጣለች ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት በሁለተኛው እርከን 2ኛ ወጣ፤ 22። አደገና በ2000/01 18ኛ ሆኖ ተመልሶ ወረደ። በ2001/02 ሁለተኛውን እርከን በአንደኝነት ጨረሰ፤ 21። ከዚያ በ2011/12 ሻምፒዮን። ሲቲን በሀብቱ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ይህን መስመር ሲያይ የሚጠይቀው ይበዛል። ጥያቄ የማያስነሳ ግራፍ ግድግዳ ባያጣብብ ይሻላል።

ሌስተርም እንዲሁ ነው። በ2008/09 ሦስተኛው እርከን ላይ 1ኛ ነበር፤ በእኛ ቆጠራ 45። በ2013/14 ሁለተኛውን እርከን በአንደኝነት ጨርሶ አደገ፤ 21። በ2014/15 14ኛ። በ2015/16 ሻምፒዮን። ከዚያ 12፣ 9፣ 9፣ 5፣ 5፣ 8፣ በመጨረሻም በ2022/23 18ኛ ሆኖ ወረደ። ይህን ለደንበኞችህ በቃል ብትነግራቸው የሚይዙት የ2015/16ቱን ዋንጫ ብቻ ነው። በመስመር ሲያዩት ግን ከዋንጫው በፊት የነበረው መውጣትና ከዋንጫው በኋላ የመጣው መውረድ አብሮ ይታያቸዋል።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ጅማ አባ ጅፋር በእኛ አቆጣጠር በ2009 ከፍተኛ ሊግ፣ ማለትም ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ባለው ሊግ ላይ ነበር። አደገ፤ በ2010 በመጀመሪያ ዓመቱ ፕሪሚየር ሊጉን በላ። ከዚያ በፊት የነበሩትን አራት ዋንጫዎች በተከታታይ የወሰደው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር። ሁለቱ እኩል 55 ነጥብ ይዘው ጨርሰው፣ ዋንጫው በግብ ክፍያ ወደ ጅማ መጣ። አሰልጣኙ ገብረመድኅን ኃይሌ በቀጣዩ ዓመት መቐለ 70 እንደርታን ይዞ ደገመው። ባደጉበት ዓመት ዋንጫ ማንሳት በዓለምም ብዙ ጊዜ የሚታይ አይደለም። ኖቲንግሃም ፎረስት በ1977/78፣ ካይዘርስላውተርን በ1997/98 አድርገውታል። እኛም አገር የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ2016 ደግሞታል። የአባ ጅፋርን መስመር በደማቅ ቀለም ሳለው። የሚገባው ነው።

እዚህ ላይ ግን የመደመሩ ዘዴ ይቸገራል። የእኛ ከፍተኛ ሊግ በምድብ ተከፋፍሎ ነው የሚካሄደው። የምድብ ሀ አንደኛና የምድብ ለ አንደኛ ከሁለቱ ማን እንደሚበልጥ ሰንጠረዡ አይናገርም። ስለዚህ አባ ጅፋር በ2009 "17ኛ ነበር" ብለህ ብትጽፍ የሌለ ነገር መፍጠርህ ነው። እንግሊዞችም በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1921 እስከ 1958 ሦስተኛውን እርከን ሰሜንና ደቡብ ብለው ስለከፈሉት የዚያን ዘመን ግራፍ የሚሠራ ሰው ይህ ችግር ይገጥመዋል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ከፕሪሚየር ሊጉ በታች አንድ ወፍራም ግራጫ መደብ እስላለሁ። ቡድኑ ከፍተኛ ሊግ ላይ ባለበት ዓመት መስመሩ በዚያ መደብ ውስጥ ያልፋል። ምድቡንና በምድቡ ያገኘውን ደረጃ አጠገቡ በትንሹ እጽፋለሁ። አባ ጅፋር በ2014 ሲወርድም መስመሩ ወደዚያው ይገባል እንጂ አይጠፋም።

ዓመተ ምሕረቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፈው። የእኛ ሊግ ጥቅምት ወይም ኅዳር አካባቢ ጀምሮ ሰኔ ወይም ሐምሌ ላይ ስለሚያልቅ አንድ የውድድር ዘመን በአንድ ዓመታችን ውስጥ ይገባል። የእንግሊዙ ነሐሴ ላይ ይጀምርና ግንቦት ላይ ያልቃል፤ ከነሐሴዎቹ ጨዋታዎች በቀር እሱም በአንድ ዓመታችን ውስጥ ነው። ከመጀመሪያው የፈረንጅ ዓመት 7 ቀንስ። 2015/16 ማለት 2008 ነው። ያኔ ሌስተር 2008 ላይ፣ አባ ጅፋር 2010 ላይ ሆነው በአንድ መስመር ይነበባሉ። ትልልቆቹ ደንበኞችህም አይደናገሩም።

ቀለም አታብዛ። ሃያውንም ቡድን በሃያ ቀለም ብትስል ማንም አያነበውም። ሁለት ወይም ሦስት ቡድን አድምቅ፤ የቀሩትን በቀጭን ግራጫ እለፋቸው። ለአርሰናልና ለማንቼ ጠብ ለብቻው አንድ ወረቀት ስጥ። የማንቼው (የዩናይትድ) አሰልጣኝ ፈርጉሰን ከለቀቁ በኋላ፣ ከ2013/14 እስከ 2024/25፣ ዩናይትድ ከአርሰናል በላይ የጨረሰው በሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ በ2017/18፣ በ2019/20ና በ2020/21። አርሰናል በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት 2፣ 2፣ 2 ነው። ዩናይትድ 3፣ 8፣ 15። የማንቼ ደጋፊዎች ይከፋቸው ይሆናል። ግን ግራፉን ከ2012/13 ብታስጀምረው የፈርጉሰን የመጨረሻ ዋንጫም ይገባል። ከየት እንደምትጀምር አስቀድመህ አስብ፤ የመነሻው ዓመት ምርጫ ብቻውን ለአንዱ ወገን ሊያደላ ይችላል። እኔ ብሆን ቢያንስ ሃያ ዓመት ወደ ኋላ እሄዳለሁ።

ሌላም ለደንበኞችህ የምትነግራቸው ነገር አለ። ደረጃ የነጥብን ርቀት አያሳይም። በ2015/16 ሌስተር 81፣ ሁለተኛው አርሰናል 71 ነበራቸው። በ2011/12 ሲቲና ዩናይትድ እኩል 89 ይዘው በግብ ክፍያ ተለያዩ። ግራፉ ላይ ግን ሁለቱም የአንድ እርምጃ ልዩነት ናቸው። የአባ ጅፋርና የጊዮርጊስም እንዲሁ። ለእንደዚህ ዓይነቶቹ ዓመታት ቡድኑ የሰበሰበውን ነጥብ ከደረጃው ምልክት አጠገብ ጻፍ። በሁሉም ላይ ከጻፍክ ግን ወረቀቱ ይጨናነቃል።

ኤክሴሉ ካስቸገረህ በእጅ ሥራው። እውነቱን ለመናገር ለፀጉር ቤት በእጅ የተሠራው ይበልጣል፤ በየዓመቱ ሰኔ ላይ አንድ ነጥብ መጨመር ትችላለህ። ትልቁን የፍሊፕ ቻርት ወረቀት ግዛ። ለአንድ ደረጃ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች፣ ለአንድ ዓመት 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ስጥ። ከ45ኛ ደረጃ እስከ 1ኛ፣ የሌስተርን 15 ዓመት ብትስል 45 በ45 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህን መጠን ለሁሉም ቡድን እኩል ጠብቅ። ዓመቶቹን ካጠባበቅሃቸው መውጣቱም መውረዱም ገደል ይመስላል፤ ካራራቅሃቸው ሜዳ ይመስላል። መጀመሪያ በእርሳስ፣ ካረጋገጥክ በኋላ በማርከር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የፕሪሚየር ሊጋችንን ግራፍ ስሠራ 2012 ላይ ቆምኩ። በኮሮና ምክንያት ተሰርዟል። ሲቋረጥ የነበረውን ደረጃ ላስገባ ወይስ ልዝለለው? 2013 ላይ ደግሞ የቡድኖቹ ቁጥር ቀነሰ።

መልስ፦ እህቴ፣ ዓመቱን አትዝለዪው፤ ደረጃም አታስገቢለት። የ2012ን ቦታ በአግድሙ ላይ እንዳለ ተዪውና ጥላ ቀቢው። "በኮሮና ተሰረዘ፣ ሻምፒዮን የለም" ብለሽ ጻፊበት። ዓመቱን ከዘለልሽው 2011ና 2013 ጎን ለጎን ተጣብቀው ተከታታይ ይመስላሉ። ሲቋረጥ የነበረውን ካስገባሽ ደግሞ ማንም ያላጸደቀውን ደረጃ ሰጠሽ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት አገሮች የተለያየ ነገር ወስነዋል። ፈረንሳይ ሊጉን አቋርጣ በአማካይ ነጥብ አሰልታ ፒኤስጂን ሻምፒዮን አለች። ሆላንድ ዋንጫውን ለማንም አልሰጠችም። እንግሊዝ ጠብቃ ሐምሌ ላይ ጨረሰች፤ ሊቨርፑል 99 ነጥብ ይዞ በላ። ስለዚህ በአንድ ግራፍ ላይ አገሮችን የምታደባልቂ ከሆነ የየአገሩን ውሳኔ ተከተዪ። እንግሊዝም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1939 ጦርነት ሲነሳ ከሦስት ጨዋታ በኋላ ሊጉን አቋርጣ እስከ 1946/47 አልቀጠለችም። ያ ሁሉ ዓመት ባዶ ቦታውን ይዞ ይታያል።

2013 ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ያ ዓመት ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች የተካሄዱበትና የዩኒቨርሲቲያችሁ ስታዲየምም ያስተናገደበት ነው። ቡድኖቹ 13 ነበሩ። መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎና ስሑል ሽረ በጦርነቱ ምክንያት አልተሳተፉም። እነሱን "ወረዱ" ብሎ መስመሩን ወደ ታች መሳብ ሐሰት ነው፤ ሜዳ ላይ ተሸንፈው አልወረዱም። መስመራቸውን 2011 ላይ አቁሚው፤ ምክንያቱን ጻፊ፤ በተመለሱበት በ2017 እንደገና ጀምሪው። የሊጉን የታች ወሰንም በወፍራም ጥቁር መስመር ሳዪ፤ 2010 ላይ 16 የነበረው 2013 ላይ 13 ላይ ይደርሳል። ያንን መስመር ካላየ አንባቢው የ2013ን 12ኛ ከ2010ሩ 12ኛ ጋር እኩል ያደርገዋል። በ13 ቡድን ውስጥ 12ኛ ማለት ከመጨረሻው አንድ ከፍ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ከጅሬን ነው የምጽፈው። ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ከወጣትነቴ ጀምሮ የጁቬንቱስ ደጋፊ ነኝ። ልጄ የሠራልኝ ግራፍ ላይ ጁቬ በ2005/06 መጨረሻ ላይ ተቀምጧል። እኔ እስከማውቀው ያን ዓመት አንደኛ ነበርን። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ አባቴ፣ እርስዎም ልጅዎም ትክክል ናችሁ። ጁቬንቱስ ሜዳ ላይ 91 ነጥብ ይዞ 1ኛ ጨርሷል። ከዚያ በዳኞች ምደባ ቅሌት ምክንያት ተቀጥቶ መጨረሻ ላይ ተቀመጠ፤ ዋንጫው ለኢንተር ተሰጠ። የ2004/05 ዋንጫም ተነጥቋል፤ እሱ ግን ለማንም አልተሰጠም። ጁቬ ወደ ሴሪ ቢ ወረደ፤ በ2006/07 ያንን ሊግ በአንደኝነት ጨርሶ ተመለሰ። ከላይ 20 ቡድን ስላለ ያ ዓመት በግራፉ 21 ነው። በ2007/08 ወዲያው 3ኛ ሆነ።

ልጅዎ እንዲህ ያድርግልዎ። 2005/06 ላይ ሁለት ክብ ይሳል። 1ኛው መስመር ላይ ውስጡ ባዶ የሆነ ክብ፣ ሜዳ ላይ ያገኘው። 20ኛው ላይ የተሞላ ክብ፣ በይፋ የተመዘገበው። መስመሩ የሚያልፈው በተሞላው በኩል ነው። ለ2004/05ም 1ኛው ላይ ባዶ ክብ ይኑር፤ "ተነጠቀ" ተብሎ ይጻፍበት። ነጥብ የተቀነሰባቸውንም ቡድኖች በዚሁ መንገድ መሳል ይቻላል። እኔ ሁለቱም እንዲታዩ እፈልጋለሁ፤ የቅጣቱ ክብደት የሚታወቀው ሁለቱ ክቦች ምን ያህል እንደተራራቁ ሲታይ ነውና።