ሪፈርቢሽድ ላፕቶፕ ለእህትሽ፦ ግዢላት፣ ግን ሱቁ ውስጥ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብለሽ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ታናሽ እህትሽ ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ኮምፒውተር ሳይንስ ደርሷታል። በያዝሽው ብር ወይ ካርቶኑ ያልተከፈተ አዲስ ሴሌሮን (አቅሙ አነስተኛ የሆነ ፕሮሰሰር ያለው ላፕቶፕ) ይመጣል፣ ወይ ሪፈርቢሽድ፣ ማለትም ያገለገለና የታደሰ ዴል ላቲቲዩድ። «ያገለገለውን ገዝቼላት ሳትመረቅ ቢሞትባትስ?» ብለሽ ሰግተሻል። ስጋትሽ ይገባኛል። እኔ ግን ሪፈርቢሽዱን ግዢላት ነው የምልሽ።

እዚሁ ጅማ፣ ተማሪ የሚበዛበት ሰፈር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። እስካሁን ሦስት ላፕቶፕ ገዛሁ። ሦስቱም ያገለገሉ ናቸው። በአንዱ ተሸውጃለሁ፣ በሁለቱ እንጀራዬን እየበላሁ ነው። ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ ማሳተሚያ ሰሞን ሲደርስ የተማሪዎቹን ጭንቀት በዓይኔ አያለሁ። አንዷ ልጅ ጽሑፏን ጨርሳ፣ ልታሳትም በመጣችበት ቀን ሃርድ ዲስኩ እምቢ አለ። ሌላ ቦታ አላስቀመጠችውም። ሱቄ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ እስከዛሬ አልረሳትም። ለዚህ ነው ጥያቄሽን ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩት።

መጀመሪያ ስለ አዲሱ ሴሌሮን። አዲስ መሆኑ ዓይን ይስባል፣ ይገባኛል። ግን በዚያ ዋጋ የሚመጡት ብዙዎቹ ራማቸው 4 ጊጋ ነው፣ እሱም ቦርዱ ላይ የተበየደ። ማስቀመጫቸው 64 ጊጋ ኢኤምኤምሲ የሚባለው ርካሽና ዘገምተኛ ዓይነት ነው፣ እሱም የተበየደ። ዊንዶውስ 11 ራሱ ለመጫን ቢያንስ 64 ጊጋ ማስቀመጫ ይጠይቃል። እህትሽ ፋይሏን የት ታስቀምጠው? የስልክ አፕ መሥሪያውን አንድሮይድ ስቱዲዮ ልትጭን ብትል ቢያንስ 8 ጊጋ ራም ይፈልጋል። ማሳደግ አይቻልም፣ ቦርዱ ላይ ተበይዷላ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሌላ ላፕቶፕ ልትገዢላት ነው ማለት ነው።

ላቲቲዩድ፣ ኤሊትቡክ፣ ቲንክፓድ የሚባሉት ደግሞ ለመሥሪያ ቤት ተብለው የተሠሩ ናቸው። ውጭ አገር ትልልቅ ድርጅቶች ሦስት አራት ዓመት ይሠሩባቸውና በጅምላ ይለውጧቸዋል። ማጠፊያቸው ጠንካራ ነው፣ የጀርባ ክዳናቸው በብሎን መፍቻ ይከፈታል፣ ራምና ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ማስቀመጫ) የሚቀየርባቸው ብዙ ናቸው። ራሙ የተበየደባቸው ቀጫጭን ሞዴሎችም ስላሉ እሱን ጠይቂ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይልሽ። ሪፈርቢሽድ ማለት ተከፍቶ፣ ተጸድቶ፣ ተፈትሾ፣ የደከመው ዕቃ ተቀይሮለት የመጣ ነው። ገበያው ውስጥ ግን በጨርቅ ተወልውሎ ላስቲክ የተለጠፈበትም «ሪፈርቢሽድ» ይባላል። «ግሬድ ኤ» የሚሉሽም ብዙ ጊዜ ስለ ውጭ መልኩ ነው። ጭረት የለውም ማለት ውስጡ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ስሙን ተይውና ዕቃውን ፈትሺ።

ከሁሉ በፊት ጄኔሬሽኑን፣ ማለትም የፕሮሰሰሩን ትውልድ እዪ። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10 ድጋፍን ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛ ጄኔሬሽን ወዲህ ያለውን ነው። ሻጩ 6ኛው ላይም ጭኖ ሊያሳይሽ ይችላል፣ ይሠራልም፤ ማይክሮሶፍት ግን ኃላፊነት አይወስድም። ስለዚህ ለአራት ዓመት ትምህርት ከ8ኛ በታች አትግዢ። አነባበቡ ቀላል ነው። አይ5 ከሚለው ቀጥሎ 8250 ካለ 8ኛ ነው፣ 6300 ካለ 6ኛ። 1135 ካለ ግን 1ኛ አይደለም፣ 11ኛ ነው። የተለጠፈውን ስቲከር አትመኚ፣ ስቲከር ለብቻው ይሸጣል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ «አባውት» የሚለውን ክፈቺ። ላቲቲዩድ 7480 እና 7490 አጠገብ ለአጠገብ ብታስቀምጫቸው መንታ ናቸው፤ የመጀመሪያው ግን 6ኛና 7ኛ ጄኔሬሽን ነው፣ ሁለተኛው በአብዛኛው 8ኛ። ዴል ከሆነ ደግሞ ከሥሩ ሰርቪስ ታግ የሚባል ቁጥር አለ። በስልክሽ የዴል ድረ ገጽ ላይ ስታስገቢው ከፋብሪካ ሲወጣ ምን እንደተገጠመለትና መቼ እንደተላከ ያሳይሻል።

አሁን ስለተሸወድኩበት ልንገርሽ። ሁለተኛው ላፕቶፔ ነበር፣ ስገዛው ፏ ያለ። አምስት ወር ያለምንም ችግር ሠራ። ከዚያ ዊንዶውሱ ተበላሸና እንደገና አስጫንኩት። ዋይፋይ ሳገናኘው አንድ የማላውቀው የውጭ ድርጅት ስም ስክሪኑ ላይ መጣና የሠራተኛ ኢሜይልና የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ደነገጥኩ። ለካ ላፕቶፑ በዚያ ድርጅት ስም ማይክሮሶፍት ዘንድ ተመዝግቧል። ሲሸጡት ከመዝገቡ አላወጡትም። ዲስኩን ብታጠፊው ወይ ብትቀይሪው አይለቅም፣ በአግባቡ ሊፈታው የሚችለው ድርጅቱ ነው። ሻጩ ኢንተርኔት ሳያገናኝ ስለጫነው እኔ ስገዛው አልታየም። ተመልሼ ብሄድ «ሲወጣ ደህና ነበር» አለኝ። በእጄ ያለው ደረሰኝ ላይ ስለመመለስ አንዲት ቃል አልተጻፈም። የሁለት ወር ገቢዬ እንዲሁ ቀረ። በጣም ነው ያዘንኩት።

ስለዚህ እህቴ፣ አደራ! ብር ከመክፈልሽ በፊት «ሪሴት» አስደርጊው፣ ሁሉም ነገር ጠፍቶ ከዜሮ ይነሳ። ሲነሳ በስልክሽ ሆትስፖት አገናኚው። የማንም ድርጅት ስም ሳይመጣ እስከ መጨረሻው ከሄደ ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው። አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ሻጩ «ሰው እየጠበቀኝ ነው» ካለ ሌላ ሱቅ ሂጂ። ላፕቶፑን አጥፍተሽ ስታበሪው ደግሞ ዴል ከሆነ ኤፍ2፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ10፣ ሌኖቮ ከሆነ ኤፍ1 ተጫኚ፤ ባዮስ የሚባለው የውስጥ ማስተካከያው ይከፈታል። የይለፍ ቃል ከጠየቀሽና ሻጩ ካላወቀው አትግዢው።

ባትሪው ላይ ቸል አትበይ። መብራት ጠፋ መጣ ሲል ያለ ባትሪ የሚሠራ ላፕቶፕ ምንም ማለት ነው። ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፣ ሻጩ ያውቀዋል፣ አስወጪው። ከፋብሪካ ሲወጣ ይይዝ የነበረውንና አሁን የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል። 50,000 ሚሊዋት ሰዓት ይይዝ የነበረው አሁን 40,000 ከያዘ ጥሩ ነው። 25,000 ከሆነ የባትሪ ዋጋ ይቀነስልሽ። ሪፖርቱ ብቻ አይብቃሽ። ቻርጀሩን ነቅለሽ ለግማሽ ሰዓት ቪዲዮ አጫውቺ። ከ100 ወደ 85 ከወረደ ሦስት ሰዓት ይሄዳል። ወደ 60 ከወረደ ባትሪው ሊሞት ነው። ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጪው ከተንገዳገደ ወይም የጣት መዳሰሻው ወደ ላይ ከተነሳ ባትሪው አብጧል፣ በነጻ ቢሰጡሽም አትውሰጂው። ለእህትሽ ብመርጥ ቲንክፓድ ቲ480 እመርጥ ነበር። አንዱ ባትሪው ከውጭ ስለሚነቀል ሲደክም ያለ ጠጋኝ ትቀይረዋለች።

ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን፣ በዚህ አልደራደርም። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ጤናውንና ስንት ሰዓት እንደሠራ ይነግርሻል፣ በፍላሽ ይዘሽ ሂጂ። ኪቦርዱን አንድ በአንድ ንኪው። ከጀርመንና ከፈረንሳይ የመጡት ላይ የፊደሉ አቀማመጥ ይለያል፣ ኮድ ለምትጽፍ ልጅ ያስቸግራል። ቻርጀሩም ኦሪጅናል ይሁን። ዴል ቻርጀሩን ካላወቀው ባትሪውን አይሞላም፣ ፍጥነቱንም ይቀንሳል፤ ሰው ላፕቶፑ የተበላሸ ይመስለዋል።

አዲስ አበባ ይረክሳል ብለውሻል። እውነት ነው፣ ትንሽ ይቀንሳል። ግን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ችግር ሲመጣ ለመመለስ የትራንስፖርቱን፣ የአልጋውን፣ ከሥራ የምትቀሪበትን ቀን ደምሪው። እኔ ሦስተኛውን እዚሁ ጅማ ጨምሬ ገዛሁት። በሦስተኛው ሳምንት ስክሪኑ መስመር ሲያወጣ በባጃጅ ወስጄ በዚያው ቀን ተቀየረልኝ። የትም ግዢ፣ ደረሰኙ ላይ የላፕቶፑን ሰርቪስ ታግ ወይም ሲሪያል ቁጥርና «እስከዚህ ቀን ድረስ ይመለሳል» የሚለውን አስጽፊ። ለመጻፍ እምቢ ካለ በቃል የሚልሽን አትቁጠሪው።

ገበያ የምትወጪው ጠዋት ይሁን፣ መብራት ቢሄድ እንኳ የምትጠብቂበት ጊዜ ይኖርሻል። ያየሽውን ላፕቶፕ የባትሪ ሪፖርትና «አባውት» የሚለውን ገጽ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። ሱቅ ስለምውል ቶሎ አየዋለሁ። ብሩን ግን እስክመልስልሽ ድረስ አትክፈዪ።