የሰርጉን ዲቪዲ ዴኩ ለምን አያነበውም?

ጥያቄ፦ እህቴ ከአሜሪካ የላከችልን የሰርግ ዲቪዲ ላፕቶፕ ላይ በደንብ ይታያል። የቆየው ዴካችን ግን ትንሽ ያሽከረክረውና «ኖ ዲስክ» ይላል። ከሱቅ የተገዙትን ፊልሞች ያለ ችግር ያጫውታል። ችግሩ የዴኩ ነው የዲስኩ?

መልስ፦ የሁለቱም አይደለም፤ አልተግባቡም። በፋብሪካ የታተመ ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ ካረፈበት የሌዘር ብርሃን ቢያንስ 45 በመቶውን ይመልሳል። እየተደመሰሰ ደጋግሞ የሚቀዳበት አርደብሊው ዲስክ ግን የሚመልሰው ከ18 እስከ 30 በመቶ ነው። ባለ ሁለት ንብርብር የፋብሪካ ዲስክም የሚመልሰው ይህንኑ ያህል ስለሆነ፣ የቆየ ዴክ አርደብሊውን በእሱ ይሳሳትና የሌለ ንብርብር ሲፈልግ ቆይቶ ያቆማል።

ስለዚህ መጀመሪያ የዲስኩን ፊት ያንብቡ። «አርደብሊው» የሚል ካለበት ምክንያቱን አገኙት ማለት ይቻላል። «አር» ብቻ (አንዴ ብቻ የሚቀዳበት) ከሆነ፣ የቀዳው ሰው ፋይናላይዝ ሳያደርገው፣ ማለትም ቅጂውን ጨርሶ ሳይዘጋው ቀርቶ ይሆናል፤ ላፕቶፕ ይህን ችላ ብሎ ያነባል፣ ዴክ ግን አያልፈውም። ላፕቶፑ ላይ ሲከፍቱት «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚባል ፎልደር ከሌለውና ኤምፒ4 ፋይል ብቻ ካለ ደግሞ ዲስኩ ቀድሞውንም ለዴክ አልተዘጋጀም፤ በዲቪዲ ቪዲዮ መልክ እንደገና መሠራት አለበት።

ፎልደሩ ካለ ወደ ላፕቶፑ ይገልብጡትና ባለ 4.7 ጊጋባይት ዲቪዲ ማይነስ አር (DVD-R) ላይ፣ በ4 እጥፍ ፍጥነት ይቅዱት፤ ፋይናላይዝ ማድረግ አይርሱ። ሰርጉ ረጅም ሆኖ ካልበቃ ለሁለት ዲስክ ይክፈሉት፤ ባለ ሁለት ንብርብሩን ባለ 8.5 ጊጋባይት ባዶ ዲስክ ለእንዲህ ያለ ዴክ አንመክርም። ገበያ ላይ ፕላስ አር (DVD+R) ብቻ ካገኙ ከመቅዳትዎ በፊት በመቅጃው ፕሮግራም «ቡክ ታይፕ» የሚለውን (ዲስኩ ምን ዓይነት እንደሆነ ለዴኩ የሚናገረውን ምልክት) ዲቪዲ ሮም ያድርጉት፤ መቅጃው ከፈቀደ ዴኩ የፋብሪካ ዲስክ መስሎት ይቀበለዋል። የሙሽሮቹን ፎቶ በወረቀት አትሞ ዲስኩ ላይ መለጠፍም ይቅር፤ ሚዛኑን ያዛባዋል። ዲቪዲ ከመሃል ወደ ዳር ስለሚነበብ መንቀጥቀጡ ጎልቶ የሚታየው ዳር ሲደርስ ነው፣ ፊልሙ ማለቂያው ላይ ይቆማል።

ስለ ሪጅን (ዲስኩ የሚጫወትበትን የዓለም ክፍል ስለሚገድበው ቁጥር) የሚያስቡ ከሆነ፣ አሜሪካ 1 ኢትዮጵያ 5 መሆናቸው የሚያስቸግረው በሱቅ ፊልም ነው፤ ቤት የተቀዳ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ ገደብ የለበትም። ዲስኩ ተነቦ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ከሆነ ወይም ከተንከባለለ ግን የተሠራው በአሜሪካው የቲቪ ምስል ሥርዓት፣ በኤንቲኤስሲ ነው፤ የዴኩን የቲቪ ምርጫ ወደ ፓል (ሌላው የቲቪ ምስል ሥርዓት) ወይም መልቲ ይቀይሩ።

አዲሱም ዲስክ እምቢ ካለ ዴኩን ከሶኬት ነቅለው ክዳኑን ይክፈቱና ሌንሱን አይሶፕሮፒል አልኮል በትንሹ በነካ ጥጥ ቀስ ብለው ይጥረጉ። ከዚያ በኋላም ካላነበበ ሌንሱ ደክሟል፤ ባለሙያ ይቀይረው።