ታንከር ውስጥ ገብቶ ለሚበይድ ወጣት

ባለፈው ሳምንት አንድ የሞጣ ልጅ፣ የቴክኒክና ሙያ ትምህርቱን ጨርሶ በቅርቡ የራሱን የብየዳ ማሽን የገዛ፣ ደውሎ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ ማሽኑ ከሶኬት የሚወስደው 220 ቮልት ቢሆንም በኤሌክትሮዱ በኩል የሚወጣው 70 ቮልት ገደማ ነው። ይህ ሰው ይጎዳል እንዴ? ታንከር ውስጥ ገብቼ የምሠራው ሥራ አግኝቻለሁ።» መልሼ እደውልልሃለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና በረንዳዬ ላይ ብዙ ቆየሁ፤ ምክንያቱም «70 ቮልት ሰው አይጎዳም» የሚለውን ቃል፣ ቁጥሩ ሳይቀር፣ ከብዙ ዓመት በፊት ለአንድ ልጅ የነገርሁት እኔ ነኝ።

ሐምሌ 1989 ዓ.ም. ነበር። ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ ግቢ የቆመ የብረት ውኃ ታንከር ከሥሩ ዝጎ ያፈስ ስለነበር፣ ከውስጥ በኩል ላሜራ ልንደርብበት ተዋዋልን። ረዳቴ የ19 ዓመት ልጅ ነበር፤ እናቱ እንጀራ እየሸጡ ያሳደጉት፣ እጁ የረጋ፣ የብየዳው መስመር እንደ ሙዳይ ስፌት እኩል የሚወርድለት ልጅ። ማሽናችን ያን ጊዜ የነበረው ከባዱ ትራንስፎርመር ነው፤ ሁለት ሰው በአጣና ተሸክሞ ነው የሚያነሣው። ስፒና አልነበረውም። የገመዱን ጫፍ ልጠን ከቆጣሪው ሥር በቀጥታ አሰርነው፤ ቆጣሪው ደግሞ ከቤቱ ጀርባ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጣለ። ልጁ ታንከሩ ውስጥ፣ እርጥብ ብረት ላይ ተቀምጦ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ይሠራል፤ እኔ በሩ ጥግ ከባለቤቱ ጋር የቀረውን ሒሳብ እነጋገራለሁ። ጓንቱ በላብና በዝናብ ርሶ እጁ ላይ ስለ ተጣበቀበት፣ አዲስ ኤሌክትሮድ (እየቀለጠ ብረቱን የሚያያይዘውን ዘንግ) ለመክተት የቀኙን አውልቆ ኖሯል። ያወቅሁት በድምፅ ነው። ቅርፊቱን የሚያራግፍበት መዶሻ ቆመ፤ የማሽኑ እምምታ ግን አልቆመም። ስሙን ጠራሁ፤ ዝም አለ። በመግቢያው ቀዳዳ አጎንብሼ ሳይ ዓይኑ እንደ ተገለጠ፣ መንጋጋው ተቆልፎ፣ ባዶ እጁ ኤሌክትሮዱን ከነመያዣው ጨብጦ ነበር። ልይዘው እጄን ከሰደድሁ በኋላ ነው መለስ ያልሁት፤ ይዤው ቢሆን ሁለት እንሆን ነበር። ከዚያ በጭቃው ላይ ቤቱን ዞሬ ወደ ቆጣሪው ሮጥሁ። ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ ዛሬም ፍኖተ ሰላምን ባለፍሁ ቁጥር ያን ርቀት በልቤ እለካዋለሁ።

ልጁ ተረፈ። ሁለት ጣቶቹ ግን ተቃጥለው ጅማታቸው ተኮማተረ። እናቱ ሐኪም ቤት ደጃፍ ላይ ይዘውኝ «አያ፣ ልጄን ምን አገኘብኝ?» ሲሉኝ «ከመሰላል አዳልጦት ወደቀ» አልኋቸው። በሦስተኛው ቀን እርጎ በቅል ይዘው ቤቴ መጡ፤ ልጃቸውን ከታንከሩ ያወጣሁላቸው እኔ ነኝና ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። እርጎውን ተቀበልሁ። ልጁም አላጋለጠኝም። እናቱ ያንኑ እንዳመኑ አረፉ። እሱ ሙያውን ትቶ ዛሬ ቡሬ ላይ የሕንፃ ዕቃ ይሸጣል፤ ብር ሲቆጥር እነዚያ ሁለት ጣቶቹ አይዘረጉም።

እንግዲህ ለጥያቄህ መልሱ ይኸውልህ። ደረቅ ቆዳ ኤሌክትሪክን በብርቱ ይከላከላል፤ በላብና በውኃ የራሰ ሰውነት ግን መከላከያው ወደ 1000 ኦም ሊወርድ ይችላል። በዚህ ስሌት 70 ቮልት 70 ሚሊአምፔር (የአምፔር ሺኛ) ያሳልፋል። ቤታችን በምንጠቀመው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ከ10 ሚሊአምፔር ገደማ ጀምሮ የእጅ ጡንቻ ተኮማትሮ የያዘውን መልቀቅ ያቅተዋል፤ 70 ደግሞ ልብን ሊያዛባ የሚችል መጠን ነው። ብረት ላይ የተቀመጠ ሰው በጀርባውም በእግሩም ከኧርዙ፣ ከብረቱ ወደ ማሽኑ ከሚመለሰው ገመድ፣ ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው፤ የቀረው እጁ ብቻ ነው። ሰው ሲነካ የሚቆርጠው ዘመናዊው ብሬከርም ከዚህ አያድንህም፤ እሱ የሚጠብቀው ከመሥመሩ እስከ ማሽኑ ያለውን ነው፤ ከማሽኑ የሚወጣው በትራንስፎርመር የተለየ ስለሆነ ብሬከሩ ምንም አያውቅም።

እኔን ያስተማሩኝ ሰው ሙያውን የቀሰሙት በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በ1955 ዓ.ም. በተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ነበር። በክረምት ሲሠሩ ሁለተኛ ጥንድ ጓንት በላስቲክ ጠቅልለው ጋቢያቸው ሥር ይይዛሉ፤ የሚቀመጡበትም ደረቅ የባሕር ዛፍ ጣውላ ከቤታቸው ያስመጣሉ። እኔ ይህን የሽማግሌ ጭንቀት እለው ነበር። የዛሬ ልጆች አይሰሙም እያልሁ ስናገር እኚህ ሰው ትዝ ይሉኛል፤ ቢሆንም አይሰሙም። ባሕር ዳር ጎዳና ዳር በፀሐይ መነጽር የሚበይድ ወጣት ስንት ጊዜ አስቁሜ መክሬአለሁ፤ ማታ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የፈሰሰ ሲመስለው ነው የሚያምነኝ። ስለ ማስክና ስለ ጫማ ግን እዚህ አልጽፍም፤ ያንን ተምራችኋል።

አዲሱ ማሽን በትከሻ የሚንጠለጠል ስለሆነ ሰውን ያዘናጋዋል። ሆኖም እውነቱን ልናገርና፣ አንዳንዶቹ ሳይበየድባቸው ሲቀሩ ቮልታቸውን በራሳቸው ዝቅ የሚያደርጉበት ዘዴ አላቸው፤ ያን ቀን እንዲህ ያለ ማሽን ቢኖረን የልጁ እጅ ሙሉ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። ያንተ ይህ ዘዴ እንዳለው መመሪያውን አንብብ። ስፒናውን አትቁረጥ፤ ባለ አረንጓዴና ቢጫውን የኧርዝ ሽቦም አትተወው። ብሬከሩ ወደቀ ብለህ በትልቅ አትቀይረው። በዱላ ኤሌክትሮድ በ100 አምፔር ስትሠራ ወደ 24 ቮልት ስለሚሆን ማሽኑ ከነብክነቱ 3 ኪሎዋት ያህል ይወስዳል፤ ቀጭን የቤት ማራዘሚያ ገመድ፣ ይልቁንም እንደ ተጠቀለለ ከሆነ፣ ይህን ይዞ ይቀልጣል። የማሽኑ ሳህን ላይ 60 በመቶ ተብሎ የተጻፈው ከ10 ደቂቃ ውስጥ 6 ሠርተህ 4 አሳርፈው ማለት ነው።

ታንከሩ ስስ ስቴንለስ ስለሆነ በቲግ (አርጎን በሚባል ጋዝ ከለላ፣ ችቦው ላይ ባለ ቱንግስተን በተባለ ዘንግ በሚበየድበት ዘዴ) እንደምትሠራው ነግረኸኛል፤ ከዱላው ወደ ቲግ ስትዞር ገመዶቹን ሳትቀይር አትጀምር። አብዛኛው ኤሌክትሮድ መያዣውን በፖዘቲቭ ይፈልጋል፤ የቲጉ ችቦ ግን ለብረትና ለስቴንለስ በኔጌቲቭ ነው፤ ካልተቀየረ ቱንግስተኑ ወዲያው ቀልጦ ይንጠባጠባል። በትናንሾቹ ማሽኖች ላይ የጋዙ መክፈቻ ችቦው ላይ ሆኖ የእጅ ማብሪያ ከሌለው፣ ማሽኑ እስከ በራ ድረስ የቱንግስተኑ ጫፍ ኤሌክትሪክ አለው፤ ስለዚህ ጭንህ ላይ አታሳርፈው። ቀይ ቀለም ያለው ቱንግስተን ቶሪየም የሚባል ጨረር ያለው ነገር ስለያዘ ስትስለው የሚወጣው አቧራ እንዳይገባብህ ባለ ወርቃማውን ወይም ባለ ሰማያዊውን ግዛ። የኧርዙን መቆንጠጫ ከምትበይድበት አጠገብ፣ ተፍቆ በነጣ ብረት ላይ እሰር። የፍሬን ማጽጃ ፈሳሽ ለማጽጃነት አትጠቀም፤ ክሎሪን ያለበት ከሆነ በብየዳው ብርሃን ወደ ፎስጂን፣ ሳንባ ወደሚያቃጥል መርዝ ይለወጣል።

እኔ በወጣትነቴ ያልነበረብኝ፣ ያንተ ግን የሆነው ስጋት አርጎን ነው። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ከአየርም ይከብዳል። በደቂቃ 8 ሊትር ብትለቅ፣ ችቦው ሳይቋረጥ ለአንድ ሰዓት ቢሠራ፣ 480 ሊትር ይሆናል፤ ታንከሩ 2000 ሊትር የሚይዝ ከሆነ ወደ ሩብ የሚጠጋው ማለት ነው፤ የሚጠራቀመውም አንተ በምትቀመጥበት ከታች በኩል ነው። ሰው ትንፋሽ አጠረኝ ሳይል ራሱን ይስታል። ቦምቦላውን ውጭ፣ ቀጥ አድርገህ በሰንሰለት እሰረው፤ ለምሳ ስትወጣ ችቦውን ይዘህ ውጣ፤ ከወለሉ አየር የሚስብ ማራገቢያ በቱቦ አስገባ፤ ኦክስጅን ግን ለማናፈሻ ብለህ በፍጹም አትልቀቅ፤ ልብስህን እንደ ገለባ ያነደዋል። የብየዳ ጭስ በወተት ይወጣል የሚሉህንም አትመን፤ ወተት ወደ ሆድ እንጂ ወደ ሳንባ አይሄድም።

ሰኞ ከመግባትህ በፊት ደረቅ ጓንት ሁለት ጥንድና የምትቀመጥበትን ደረቅ ጣውላ አዘጋጅ። ማጥፊያው በመግቢያው ቀዳዳ አጠገብ ይሁን። ውጭ የሚቆመው ሰው ሒሳብ የሚነጋገር፣ ስልክ የሚነካካ አይሁን፤ አንድ ነገር ቢሆን መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን እንዲያጠፋ፣ ከዚያ በፊት እንዳይነካህ፣ አርጎን ወዳለበትም ተከትሎህ እንዳይዘል አስቀድመህ ንገረው። እንዲህ ያለ ሰው ካጣህ ሥራውን አትጀምርና ደውልልኝ፤ ከባሕር ዳር በጠዋቱ መኪና እመጣለሁ፤ ማጥፊያው አጠገብ እኔ እቆማለሁ።