ጁሪው ሲመክር ውጭ ሆናችሁ ለምትጠብቁ ልጆች

«ጁሪው ሲቆይ ለማን ይበጃል?» ሲል አንድ የሕግ ተማሪ ሰሞኑን ጠየቀኝ። መልሱ አጭር ነው፤ ለማንም። ጥያቄው ግን የቆየ ቁጭት ስለቀሰቀሰብኝ ረዘም አድርጌ ልጻፍላችሁ። ቁጭቱ የቀድሞ ባልና ሚስት የሆኑት የሆሊውድ ተዋናዮች የጆኒ ዴፕና የአምበር ኸርድ የስም ማጥፋት ክርክር ነው። ጁሪው፣ ማለትም ክርክሩን ሰምተው የሚወስኑት ከሕዝብ የተመረጡ ሰባት ሰዎች፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 27 ቀን 2022 ለምክክር ገባ፤ ውሳኔው የተነበበው ጁን 1 ነው። በመካከሉ ባሉት ቀናት ያን ያህል የዓለም ሕዝብ አንድን የፍትሐ ብሔር ውሳኔ አንድ ላይ ሲጠብቅ፣ የሚጠብቀው ነገር ምን እንደሆነ የገባው ጥቂቱ ነበር። የሚያንገበግበኝ ወረቀቱ ተደብቆ አለመሆኑ ነው። የፌርፋክስ ካውንቲ ፍርድ ቤት የመዝገቡን ሰነዶች ድረ ገጹ ላይ አውጥቷቸው ነበር። ሰው ግን የፊት ገጽታ ሲተረጉም ከረመ።

ጉዳዩን ላልተከታተላችሁ፦ ኸርድ በ2018 ዲሴምበር ዋሽንግተን ፖስት ላይ፣ ራሷን የቤት ውስጥ ጥቃትን የምትወክል ታዋቂ ሰው ብላ የገለጸችበትን አስተያየት ጻፈች። የዴፕ ስም አንድም ቦታ አልተጠራም። እሱ 50 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀ፤ እሷ በተከሳሽ ከሳሽነት 100 ሚሊዮን ጠየቀች። የእሷ ክስ መሠረት የዴፕ ጠበቃ አዳም ዋልድማን በ2020 ለዴይሊ ሜይል የሰጣቸው ሦስት መግለጫዎች ናቸው። ሁለቱም ካሊፎርኒያ እየኖሩ ቨርጂኒያ ላይ የተካሰሱት ጋዜጣው የሚታተመውና የኮምፒውተር ሰርቨሮቹ የሚገኙት ፌርፋክስ ውስጥ ስለነበረ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥበቃው። ዓርብ ዕለት የክርክር ማቆሚያው ተሰምቶ ጁሪው ሁለት ሰዓት ያህል መከረ። ቅዳሜና እሑድ ፍርድ ቤት የለም፤ ሰኞ ደግሞ የጦር ሰማዕታት መታሰቢያ በዓል ነበር። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ተቀመጡ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጨረሱ። ኢንተርኔት ላይ «አምስት ቀን ሙሉ አልተስማሙም» ሲባል የነበረው ሲደመር 13 ሰዓት ያህል ነው። ስድስት ሳምንት ለፈጀ ክርክር፣ ሁለት ክስ ለያዘ መዝገብ፣ ይህ እንዲያውም አጭር ነው። ስለዚህ ጁሪ ቆየ ስትባሉ የቀን መቁጠሪያውን ትታችሁ ችሎቱ በሩን የከፈተበትን ሰዓት ብቻ ደምሩ።

እሑድ ዴፕ እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ከተማ ከጄፍ ቤክ ጋር መድረክ ላይ ጊታር ሲመታ ታየ። ደጋፊዎቹ «ማሸነፉን አውቆ ነው» አሉ፤ ነቃፊዎቹ «ችሎቱን ናቀ» አሉ። ሁለቱም ከንቱ ነው። በፍትሐ ብሔር ክርክር ማስረጃው ተሰምቶ ካለቀ በኋላ ተከራካሪው እንዲገኝ የሚያስገድደው ነገር የለም፤ ጠበቃው ይበቃል። ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ በክርክሩ ሳምንታት የሆነውንማ ምን ብዬ ልንገራችሁ። ለሕዝብ የተመደበችውን መቶ ወንበር ለማግኘት ሰው ሌሊቱን ተሰልፎ ያድር ነበር፤ አልፓካ የሚባሉትን ባለ ፀጉር እንስሳት ጎትተው ያመጡም ነበሩ። ቲክቶክ ላይ ለዴፕ ፍትሕ የሚለው ሃሽታግ በቢሊዮን ሲታይ ለእሷ የወጣው በሚሊዮን ነበር። የዛሬ ልጅ ይህን ቁጥር እንደ ድምፅ ቆጠራ ያየዋል። ጁሪ ግን የሚሞላው ቅጽ አለው፤ ቅጹ ላይ ደግሞ «ማንን ትወዳላችሁ?» የሚል ጥያቄ የለም።

ቅጹ እነሆ። የዴፕ ክስ በሦስት ዓረፍተ ነገሮች ላይ ብቻ የቆመ ነው፤ አንደኛው የጽሑፉ የኢንተርኔት ርዕስ፣ ሁለቱ ከውስጡ የተወሰዱ። ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጁሪው ተራ በተራ ይመልሳል። ቃሉን ያወጣችው ወይም ያሳተመችው ኸርድ ናት? ቃሉ ስለ ዴፕ ነው? ሐሰት ነው? ስም የሚያጠፋ ትርጉም ያዘለ ነው? ያን ትርጉም ሆን ብላ አስባ ነው? ከዴፕ ሌላ ያነበበው ሰው ያንኑ ትርጉም ተረድቶበታል? ለሁሉም «አዎ» ከተባለ በኋላ የመጨረሻውና ከባዱ ይመጣል፦ ሐሰት መሆኑን እያወቀች ነው የጻፈችው፣ ወይስ እውነት ይሁን ሐሰት ግድ ሳይሰጣት? ይህን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1964 በኒውዮርክ ታይምስና በሰሊቫን ክርክር ላይ መጀመሪያ ለመንግሥት ባለሥልጣናት ጨመረው፤ ለታዋቂ ሰው የተዘረጋው በ1967 ነው። የማስረጃው ሚዛንም እዚህ ላይ ይከብዳል፤ የፊተኞቹ «ይበልጥ ሊሆን ይችላል» ካሰኘ ያልፋሉ፣ ይህኛው ግን ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ይፈልጋል። ቨርጂኒያ ውስጥ ሰባቱም ባንድ ድምፅ መስማማት አለባቸው። አንዷ መስመር ላይ ሁሉም «አይደለም» ካሉ ያ ዓረፍተ ነገር እዚያው ይወድቃል፤ ወደ ገንዘቡ አይደረስም።

አሁን የተማሪውን ጥያቄ መልሳችሁ እዩት። ከዚህ ሁሉ መስመር ጁሪው የትኛው ላይ እንደቆመ ውጭ ያለ ሰው በምን ያውቃል? «ስለ ዴፕ ነው?» የሚለውን በአንድ ደቂቃ አልፈው «ሐሰት ነው?» ላይ ሦስት ሰዓት ቆይተው ይሆናል፤ ወይም ክሱን ጨርሰው በገንዘቡ ልክ እየተከራከሩ ይሆናል። መዘግየት ለከሳሽም ለተከሳሽም የሚመሰክረው ነገር የለም።

አንድ ነገር ግን ይመሰክራል፤ ጁሪው ለዳኛዋ የሚልከው የጽሑፍ ጥያቄ። ማክሰኞ ዕለት አንድ ጥያቄ መጣ። ርዕሱን በሚመለከት «ሐሰት ነው?» ሲባል ሐሰትነቱ የሚታየው የርዕሱ ብቻ ነው ወይስ የጠቅላላው ጽሑፍ? ዳኛ ፔኒ አዝካራቴ «የርዕሱ ነው» ብለው መለሱ። ውጭ ያለው ሕዝብ ይህን ሲሰማ ሁለቱም ወገን ለራሱ ወሰደው። እኔ ብሆን ግን ከስድስቱ ሳምንት ሁሉ ይህችን ጥያቄ መርጬ አስተምርባት ነበር። ምክንያቱም ኸርድ ርዕሱን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም ብላለች፤ ርዕስ ማውጣት የጋዜጣው ሥራ ነው። ታዲያ እሷን የነካት በምን? የጽሑፉን ሊንክ በራሷ የትዊተር ገጽ አጋርታለችና እንደገና አሳትማዋለች የሚል ነበር የዴፕ ወገን ክርክር። ጁሪውም ተቀበለው። እናንተ በቀን ስንት ሊንክ ታጋራላችሁ? እኔ ይህን የምለው ያጋራ ሁሉ ይከሰሳል ለማለት አይደለም፤ የሌላ ሰው ጽሑፍ በኢንተርኔት ያስተላለፈን ሰው ከተጠያቂነት የሚከላከል የፌዴራል ሕግ አለ። የራስን ጽሑፍ ሌላ ሰው ካወጣለት ርዕስ ጋር ማጋራት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

«ስሙን አልጠራሁም» የሚለውም መከላከያ እዚሁ ላይ ነው የወደቀው። እኛ በአሽሙር ያደግን ሰዎች ይህን ከማንም በላይ መረዳት ነበረብን። የቨርጂኒያ ሕግ በተዘዋዋሪ የተነገረ ስም ማጥፋትን ያውቃል፤ ሰሚው ማን እንደሆነ ካወቀ ተጠርቷል ማለት ነው።

ረቡዕ ውሳኔው ደረሰ ተብሎ ሁሉም ተሰብስቦ፣ ካሜራው ሁሉ በርቶ፣ ዳኛዋ ቅጹን ሲያዩ የካሳው መጠን ሳይሞላ ቀርቷል። ጁሪው ተመልሶ እንዲሞላ ላኩት። በዚያች አጭር ጊዜ ኢንተርኔቱ ላይ የተጻፈውን ትንቢት ብታዩ! ነገሩ ግን ያልተሞላ ባዶ ቦታ ብቻ ነው። ከዚያ ተነበበ፤ ለሦስቱም ዓረፍተ ነገር «አዎ»፣ 10 ሚሊዮን የጉዳት ካሳ፣ 5 ሚሊዮን የቅጣት ካሳ። ዳኛዋ 5 ሚሊዮኑን ወዲያው ወደ 350,000 አወረዱት፤ የቨርጂኒያ ሕግ ለቅጣት ካሳ ያስቀመጠው ጣሪያ ይህ ነው። ጁሪው ጣሪያው መኖሩ እንዳይነገረው ሕጉ ራሱ ይከለክላል፤ ብዙ ሰው «ዳኛዋ አዳሉላት» ያለው ይህን ባለማወቁ ነው። ለኸርድ ደግሞ ከዋልድማን ሦስት መግለጫዎች በአንዱ 2 ሚሊዮን ተፈረደላት። «ሁለቱም እንዴት ይረታሉ?» ተባለ። የተፈረደው በዓረፍተ ነገሮች ላይ ነዋ። ከዋልድማን ሦስት ሁለቱ ሲወድቁ አንዱ፣ ኸርድና ጓደኞቿ ቤቱን ሆን ብለው አተራምሰው ፖሊስ ጠሩ የሚለው፣ ቅጹን አለፈ።

በጥበቃው ሰሞን ሌላው ሲነገር የነበረ ነገር «ለንደን ላይ ተረትቷል፣ እዚህም ይረታል» የሚል ነበር። ዴፕ ሚስቱን ይደበድባል ብሎ የጻፈበትን ዘ ሰን የተባለ የእንግሊዝ ጋዜጣ ከሶ በኖቬምበር 2020 ተረትቷል፤ ዳኛ ኒኮል ከቀረቡት 14 የጥቃት ድርጊቶች 12ቱ ተረጋግጠዋል ብለዋል። እዚያ ግን ጁሪ አልነበረም፣ የማስረዳት ሸክሙም ጋዜጣው ላይ ነበር። ሸክሙ በሌላ ወገን ላይ በነበረበት አገር ተረትቶ፣ ሸክሙ ራሱ ላይ በወደቀበት አገር ረታ። እኔ ከሁለቱ የትኛው እውነቱን አገኘ የሚለውን አልፈርድም። የለንደኑ ዳኛ ግን ለእያንዳንዱ ድርጊት ምክንያቱን ጽፈዋል፤ ጁሪ «አዎ» ብሎ ይወጣል እንጂ ምክንያት አይጽፍም። ለእኔ የጁሪ ሥርዓት ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። በኢትዮጵያም ጁሪ የለም፤ ዳኛው ምክንያቱን መጻፍ አለበት። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስም ማጥፋት ከአንቀጽ 2044 ይጀምራል፤ የሕሊና ጉዳት ካሳ ግን በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር አይበልጥም። አሥር ሚሊዮን ዶላር ያዩ ዓይኖች ይህን ሲያነቡ ይስቃሉ።

ከማስረጃ ውጭ የሆነውን ማስረጃም ላንሳ። በመክፈቻው ክርክር የኸርድ ጠበቃ ኸርድ ቁስሏን ትሸፍንበት የነበረውን ሜካፕ ሲገልጹ አንድ ሳጥን አሳዩ። ሚላኒ የተባለው ኩባንያ በቲክቶክ ወጥቶ ይህ ምርት ለገበያ የወጣው በ2017 ነው አለ፤ የፍቺው ጥያቄ የቀረበው ደግሞ በ2016 ነው። ሚሊዮኖች ያን ቪዲዮ አይተው «አለቀላት» አሉ። ጠበቃ በመክፈቻ የሚናገረው ግን ማስረጃ አይደለም፣ ቲክቶኩም በምስክርነት አልቀረበም፤ ጁሪው ሊመዝነው አይችልም። ታዲያ ጁሪው በሆቴል ተዘግቶበት አልነበረም፤ ማታ ማታ ቤቱ ይገባ ነበር። ኸርድ ምስክርነቷን ጀምራ ሳትጨርስ ችሎቱ ከሜይ 5 እስከ 16 ተቋርጦ ሁሉም ቤቱ ከረመ። «እንዳታነቡ» ከሚል ትእዛዝ በስተቀር የሚጠብቃቸው አልነበረም። ትእዛዙ ሠርቷል ወይ? ሠርቷል ብዬ አምናለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ አላምንም።

የዛሬ ልጅ ፊት እንጂ ወረቀት አያነብም ብዬ ነበር የጀመርኩት። ሚዛናዊ ልሁን፤ ያን ሰሞን መመሪያውንና ቅጹን አውርደው መስመር በመስመር ሲያስረዱ ካየኋቸው የሚበዙት ወጣቶች ናቸው። ሰሚ አጡ እንጂ።

ስለራሳችሁ አፍ አንድ ነገር ልበል። በጥበቃ ሰሞን ላይቭ ገብታችሁ «አላመንኳትም» ብትሉ አስተያየት ነው። «የጉዳቷን ፎቶ ራሷ ሠርታ አመጣችው» ብትሉ ግን ሐቅ ነው ብላችሁ ተናገራችሁ፣ እንዲህ ያለ ቃል ደግሞ እውነት መሆን አለመሆኑ ይፈተናል። ቨርጂኒያ ውስጥ የስም ማጥፋት ክስ የማቅረቢያ ጊዜ አንድ ዓመት ነው። ዴፕና ኸርድ ርቀውም ይሁን፤ በአማርኛ ዩቲዩብ የሰፈር ሰው ስም አንስቶ መናገር ግን ርቀት የለውም።

ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያና ፎልስ ቸርች የምትኖሩ የአሜሪካ ዜግነት የያዛችሁ ልጆች፣ አንድ ቀን የጁሪ መጠይቅ በፖስታ ይደርሳችኋል። ስልክ አጥፉ፣ አትጎግሉ የሚለውን አልደግመውም። ዜጋ ካልሆናችሁ ዝም አትበሉ፤ መጠይቁ ላይ ዜጋ እንዳልሆናችሁ ሞልታችሁ መልሱ። ስሙ ብቻ ሳይሆን የልደት ዓመቱም የእናንተ መሆኑን እዩ። በዚያ ክርክር የ77 ዓመት አባት ተጠርቶ ተመሳሳይ ስም ያለው የ52 ዓመት ልጁ ነበር ጁሪ ላይ የተቀመጠው፤ የኸርድ ጠበቆች በኋላ ክርክሩ እንደገና ይታይ ብለው ጠየቁ፣ ዳኛዋ ቀድሞ መቃወም ነበረባችሁ ብለው ውድቅ አደረጉት። ሁለቱም ወገን ይግባኝ ብለው ሳለ በዲሴምበር 2022 በ1 ሚሊዮን ዶላር ተስማምተው ጨረሱት።

የማታ ሥራ ለምትሠሩ ደግሞ ይህን ያዙ። የቨርጂኒያ ሕግ ጁሪ ለመሆን የሄደን ሠራተኛ ማባረርም ሆነ የዓመት ፈቃዱን እንዲጠቀም ማስገደድ ይከለክላል። መንገዱን ጨምሮ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከዋላችሁ በዚያው ቀን በ5 ፒኤም ወይም ከዚያ በኋላ የሚጀምር ፈረቃ እንድትገቡ አትገደዱም፤ በማግሥቱ ከሌሊቱ 3 ኤኤም በፊት የሚጀምረውንም እንዲሁ። ለዚህ ግን ለአለቃችሁ አስቀድማችሁ ማሳወቅ አለባችሁ፤ የመጥሪያውን ኮፒ ስጡት፣ ዋናው ከእናንተ ዘንድ ይቆይ።