ለገጣፎና ሱሉልታ ለምትመጡ፦ የፊት ዘይቱን ለማታ አቆዩት

ለገጣፎ፣ ሱሉልታ ወይም ሰበታ ቤት ይዛችሁ ከውጭ አገር ለገና የምትመጡ እህቶቼ (ወንዶቹም ስሙ፣ ፊት ያላችሁ ናችሁ)፣ ሻንጣችሁን ሳየው የአርጋን፣ የጆጆባና የሮዝሂፕ ዘይት ሞልቶታል። ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) ግን የለም። መሆን የነበረበት በተቃራኒው ነው።

አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እንጦጦን ተሻግራችሁ ሱሉልታ ስትደርሱ ደግሞ ይብሳል። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ግን አይታወቃችሁም፣ በረንዳ ላይ ቡና እየጠጣችሁ ትውላላችሁ፣ ከዚያ ማድያቱ ይወጣል፣ የድሮ ብጉር ጠባሳው ይጠቁራል። “እኛን ፀሐይ አይነካንም” የሚለውን ወሬ ተዉት። ዘይት ደግሞ ከፀሐይ አይከላከልም፣ ጠርሙሱ ላይ ምንም ቢጻፍ።

ሌላው ነገር፣ ዘይት ለፊት ውሃ አይሰጥም። ያለው እርጥበት ቶሎ እንዳይተን ይይዛል እንጂ። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ አየር፣ በደረቀ ፊት ላይ ዘይት ብቻ ብትቀቡ ከላይ ይወዛል፣ ከሥር ቆዳው እንደተጨማደደ ይቀራል። ስለዚህ ታጠቡ፣ ሙሉ በሙሉ ሳትደርቁ ሞይስቸራይዘር (ማለስለሻ ክሬም) ተቀቡ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ጠብታ ዘይት መዳፋችሁ ላይ አሽታችሁ ፊታችሁን ጫን ጫን አድርጉት። በቃ። ፊት ምጣድ አይደለም፣ ማሰስ አያስፈልገውም። ይህንንም ማታ አድርጉት። ጠዋት ከሆነ ሰንስክሪኑን ያንሸራትተዋል፣ ገና አስፋልት ባልገባበት መንገድ ባጃጅና የአሸዋ መኪና የሚያስነሳው አቧራም እላያችሁ ላይ ይለጠፋል።

ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም። ብጉር የሚያስቸግራችሁ የኮኮናት ዘይትን ፊታችሁ ላይ አታድርሱት፣ የወይራ ዘይትም ለሰላጣ ይሁን። ቀለል የሚሉት ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው የቅባት ዓይነት የበዛባቸው ናቸው፦ ሮዝሂፕ፣ የወይን ዘር፣ ሱፍ። የእኛው ኑግም ከእነዚሁ ወገን ነው፤ ግን ከገበያ የሚመጣው ለወጥ የተጨመቀ ስለሆነ ለፊት አልመክረውም። እነዚህ ዘይቶች ቶሎ ይበላሻሉ፣ መስኮት ላይ አታስቀምጧቸው፣ ሽታቸው ከተቀየረ ጣሉት። የጥቁር አዝሙድ ዘይት ሳይበረዝ ፊት ላይ ሲደረግ አንዳንድ ሰው ላይ ያሳክካል፣ ያቀላል። መጀመሪያ ክንዳችሁ ውስጠኛው ክፍል ላይ ቀብታችሁ ሁለት ቀን እዩት።

ግንባር ላይ ተመሳሳይ የሆኑ ትናንሽ የሚያሳክኩ ሽፍታዎች ከወጡ፣ ወይም አፍንጫ ዳርና ቅንድብ ላይ ቆዳው እየተላጠ ከሆነ “ደርቄ ነው” ብላችሁ ዘይት አትጨምሩበት። ቆዳችን ላይ የሚኖር እርሾ መሰል ፈንገስ አለ፣ ብዙዎቹን ዘይቶች ይበላል። ዘይቱን አቁማችሁ ሐኪም አሳዩት። አክስታችሁ ፀጉራችሁን ቅቤ ልቀባሽ ስትል ግን እምቢ አትበሉ፣ ይቀየማሉ! ቅቤው ወርዶ የግንባር ብጉር እንዳያወጣ ብቻ ከፀጉር መነሻው በታች በሻሽ እሰሩት።

ዘይት እዚህ በጣም የሚጠቅመው ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ነው፣ ይህን የሚነግራችሁ የለም። ሮቶው ሲያልቅ ማታ በደረቅ ፊት ላይ ትንሽ ዘይት አሽታችሁ፣ ለብ ባለ ውሃ በነከራችሁት ጨርቅ ስትጠርጉት ሰንስክሪኑም አቧራውም አብሮ ይነሳል። ከዚያ በትንሽ ውሃና ለስላሳ የፊት ሳሙና መታጠብ ይበቃል።

ሱቅ ውስጥ ስም በሌለው ብልቃጥ ተቀላቅሎ “ፊት ያጠራል” የሚባለውን ግን፣ ዘይትም ይባል ክሬም፣ አትንኩት። እንዲህ ባለ ቅልቅል ውስጥ ስቴሮይድ የሚባል ጠንካራ መድኃኒት ሊኖር ይችላል፤ መጀመሪያ ያሳምራል፣ ኋላ ቆዳውን ያሳሳል፣ ስታቆሙት ደግሞ ፊታችሁ ቀይ ሆኖ ይቆጣል።

ዘመድ “ምን ታመጪልኛለሽ?” ሲል ኤስፒኤፍ (የፀሐይ መከላከል መጠኑ) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰንስክሪን አምጡ፤ ማድያት ላለበት ሰው ቀለም ያለው፣ አይረን ኦክሳይድ የሚባለው ቀለም ሰጪ ማዕድን የተጨመረበት ይሻላል። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ ብዙ አየር ማረፊያ በእጅ ሻንጣ ስለማያሳልፏችሁ ከሚጫነው ጋር ይሁን። የዘይት ጠርሙሱንም በላስቲክ አስራችሁ አስገቡት፣ ያ ጠብታ ማውጫ ያለው ክዳን መንገድ ላይ ማፍሰስ ይወዳል።