የኮንክ ቤተ ክርስቲያን፦ መስኮቱ ለምን ቀለም የለውም?

ጥያቄ፦ በደቡብ ፈረንሳይ ኮንክ በምትባል ትንሽ መንደር ያለው የቅድስት ፎይ ቤተ ክርስቲያን እጅግ ጥንታዊ ነው ይባላል። ታዲያ መስኮቶቹ ለምን ሥዕልም ቀለምም የላቸውም? የቤተ ክርስቲያኑ የወርቅ ቅርስስ ከፈረንሳይ አብዮት እንዴት ተረፈ?

መልስ፦ ሕንፃው በ11ኛው መቶ ዘመን የተጀመረ ነው፤ መስኮቶቹ ግን የሠዓሊው የፒየር ሱላዥ ሥራ ሲሆኑ በ1994 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቁ። 104 ናቸው። መስታወቱ ብርሃን ያሳልፋል እንጂ ውጭውን አያሳይም። መጠናቸው የተለያየ የመስታወት ፍርፋሪዎች በእሳት ተዋህደው ስለተሠራ ብርሃኑ እኩል አይገባም፤ ቀለም ሳይኖረው በየሰዓቱ ድምቀቱ የሚለዋወጠውም ለዚህ ነው። አንዴ አይቶ መውጣት አይበቃም፤ ጠዋትም አመሻሽም ይግቡ።

ከበሩ በላይ ያለውን የመጨረሻ ፍርድ የድንጋይ ቅርጽ ለማየት ግን ከሰዓት በኋላ ይሻላል፤ ፊቱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ጠዋት ጥላ ይውጠዋል። 124 ምስሎች አሉበት፤ ጠጋ ብለው ካዩ የጥንት ቀለም ርዝራዥ ያገኛሉ።

ወርቁን ያተረፉት የመንደሩ ሰዎች ናቸው፤ በየቤታቸው ደብቀው ቆይተው በኋላ መለሱት። ሕንፃው ራሱ ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር፤ የታሪካዊ ቅርሶች ተቆጣጣሪው ፕሮስፔር ሜሪሜ በ1837 እ.ኤ.አ. ጎብኝቶ ካመለከተ በኋላ ነው ጥገናው የመጣው።